ቢጫው ገመድ

የኔሰውን ያወቅሁት ሞጣ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለች ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ነው። ያን ቀን ወንድሜን ሊገድልበት የያዘው ሽጉጥ ወገቡ ላይ ነበር። እኔ ያየሁት ግን ዓይኑን ብቻ ነው።

ጥቁር ለብሷል፣ ፂሙን አሳድጓል፤ ሐዘን ላይ መሆኑ ያስታውቃል። ያም ሆኖ ከባንኮኒው ጀርባ ቀና ብሎ ሲያየኝ የመጣሁበት ጉዳይ ጠፋብኝ። እኔ ደግሞ ቶሎ የምርበተበት ሴት አይደለሁም። ቢቸና መድኃኒት ቤት ውስጥ ስሠራ የማላየው ዓይነት ሰው የለም።

የመጣሁበት ጉዳይ ገመድ ነበር። የእናቴ ዲቪዲ ማጫወቻ አሮጌ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ አዲስ። ሁለቱን የሚያገናኝ ገመድ ቢቸና ብፈልግ «ያለን ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው» እያሉ መለሱኝ። የቴሌቪዥኑን ጀርባ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ስለነበር አሳየሁት።

ስልኬን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ኤችዲኤምአዩ ለዚህ ማጫወቻ እንደማይሆን፣ ባለ ሦስት ራሱን መውሰድ እንዳለብኝ ነገረኝ። ቀዩና ነጩ ለድምፅ ነው፤ ቢጫው ለምስል። ችግሩ ፎቶው ላይ ቢጫ ቀዳዳ አልታየውም።

«አዲሶቹ ላይ ቢጫው ከአረንጓዴው ጋር አንድ ላይ ነው» አለኝ። «አረንጓዴው ላይ ሰኪው።»

«እምቢ ቢልስ?»

«እምቢ ካለ ደውይልኝ። እምቢ ባይልም ደውይ።»

ሳቅሁ። እሱም ሊስቅ ብሎ፣ ሐዘኑ ትዝ አለው መሰለኝ፣ አንገቱን ደፋ። ማን እንደሞተበት ብጠይቀው ወንድሙ እንደሆነ ነገረኝ። ነፍስ ይማር ብዬ፣ ስልክ ቁጥሩን ይዤ ወጣሁ።

ገመዱን ለምን እንደፈለግሁት ልናገር። በጥር ወር ሞጣ አጠገብ የአክስቴ ልጅ ተዳረች። ሙሽራው ሲገባ እንደ ልማዱ ተኩስ ተተኮሰ። ከተኳሾቹ የአንዱ አፈሙዝ ዝቅ አለና ይግዛው የሚባል የሞጣ ሰው ደረቱን ተመትቶ ዳሱ ውስጥ ወደቀ። ወንድሜ ደምለውና ይግዛው ሁለቱም ከብት ነጋዴዎች ነበሩ፤ በአንድ በሬ ሰበብ ተጣልተው ቆይተዋል፣ በዚያው ሠርግ ላይም ክፉ ተነጋግረዋል። የተኮሰው ጃኬት የለበሰ ሰው ነው ተባለ። ደምለው ጃኬት ለብሷል። ከዚህ ሌላ ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም።

በነጋታው የሟች ዘመዶች መጥተው በረታችንን አቃጠሉት። ታስረው የነደዱት በሬዎች ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አባቴን በዱላ ክንዱን ሰበሩት። ደምለው ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ ተሸሸገ።

የሠርጉ ዲስክ ሙሽራዋ ዘንድ ነበር። ፖሊስ ሲጠይቃት ፈርታ የለኝም አለች፤ ማየቱም ሆነ መጣሉ አልሆንላት ሲል በድብቅ ለእኔ ሰጠችኝ። ከሞጣ ተመልሼ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ፣ ቢጫውን አረንጓዴው ላይ ሰክቼ ከፈትኩት። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ምስሉ ግን ጥቁርና ነጭ ሆነ። ፊቱ በሙሽሮቹ ጃንጥላ የተሸፈነ፣ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው አፈሙዙን ዝቅ ሲያደርግ አየሁ። ከዚያ ይግዛው ወደቀ። ወንድሜ ነው ብዬ አመንኩ። ማጫወቻውን ከኤሌክትሪክ ነቅዬ፣ ዲስኩን እንኳ ሳላወጣ፣ ለማንም ሳልናገር ተውኩት።

ለየኔሰው ግን ደወልኩለት። ምስሉ ቀለም የለውም ብዬ ተማረርኩ። ቢጫው ቀዳዳ በጎን በኩል ተደብቆ ሊሆን እንደሚችል፣ ፎቶው አታሎት ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ነገረኝ። እውነቱን ለመናገር ቀለሙን አልፈለግሁትም፤ ድምፁን ነው የፈለግሁት። በነጋታውም ደወለ፣ በማግስቱም ደወለ፤ ከዚያ በኋላ ሳያወራኝ የዋለበት ቀን የለም።

በወንድሙ ተዝካር ሰሞን ስሙን ጠራልኝ። ይግዛው አለ። ስልኩን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የአባቴን ስም ከመጀመሪያውም አልነገርኩትም ነበር፤ ከዚያ ወዲያማ ጨርሶ ደበቅሁት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነ ነገሬ። አጎቱ ባንተአምላክ ሽጉጡን እንደሰጠው፣ በየዕለቱ «የወንድምህ ደም ሜዳ ላይ ቀረ» እያለ እንቅልፍ እንደነሳው አጫወተኝ።

«ገዳዩን ብታገኘው ትገድለዋለህ?» አልኩት።

«እገድለዋለሁ» አለ። «ከዚያ ወዲያ ግን የምኖር አይመስለኝም።»

«እንግዲያው አታግኘው።»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። በነጋታው መልሼ ደወልኩ። ፍቅር እንዲህ ያዋርዳል።

የፈሩት ይደርሳል። አንድ ቅዳሜ፣ መድኃኒት ቤት ሆኜ፣ ጎረቤታችን ፈንታነሽ መጥታ ከሞጣ የመጣ የቴሌቪዥን ጠጋኝ ቤታችንን እየጠየቀ እንደነበርና እሷም እንዳሳየችው ነገረችኝ። የኔሰው ሊያስደስተኝ ብሎ ሳይነግረኝ መጥቶ ነው፤ በረታችን ሲቃጠል ስላልነበረ ቤቱን አያውቀውም። ደምለው ደግሞ ወባ ይዞት ከቆላ ወጥቶ እጓዳ ተኝቶ ነበር። ነጠላዬን እንኳ ሳላነሳ ሮጥኩ።

ስደርስ እናቴ ወለሉ ላይ ወድቃ ከግንባሯ ደም ይወርዳል። የኔሰው ሊያስተካክል ቴሌቪዥኑንና ማጫወቻውን ሲከፍት ዲስኩ ውስጥ ኖሮ የወንድሙን ሞት አየ። ቀና ሲል ግድግዳው ላይ የደምለውን ፎቶ አየ። ሽጉጡን ሲመዝ እናቴ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች፤ ሲገፋት ጠረጴዛው ግንባሯን ፈነከታት። ፎቶውን በሽጉጡ ሰደፍ አድቅቆት መስታወቱ ምንጣፉ ላይ ተበትኗል።

ዞሮ አየኝ። ያ የወደድኩት ዓይን ደም ለብሷል።

«ምኑ ነሽ?»

«እህቱ ነኝ።»

«እኔን ታውቂኝ ነበር?»

«አውቅህ ነበር።»

በጥፊ መታኝና ከግድግዳው ጋር አጋጨኝ፤ አፌ ደም ሞላ። ሽጉጡን ግንባሬ ላይ ደገነ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። ወንድሜ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ነው አልለውም ነገር። እንዲያው ጊዜ ለመግዛት ያህል አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ።

«በደንብ ሳታይ ሰው ትገድላለህ? ቀዳዳው በጎን ነው ያልከኝ አንተ ነህ። ቀለሙን አስተካክለህ እይና የምታደርገውን አድርግ።»

ለምን እሺ እንዳለ እሱም አያውቀውም። ቴሌቪዥኑ ከግድግዳው ተጠግቷል፤ በሁለት እጅ ካልሆነ አይወጣም። ሽጉጡን ማጫወቻው ላይ አስቀመጠ። ቢጫውን ከአረንጓዴው ነቅሎ በጎን ያለውን ቀዳዳ በጣቱ ፈልጎ ሰካው። ምስሉ ጠፋ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቀለም ለብሶ መጣ፤ ዲስኩን ወደ ተኩሱ መለሰው።

ጃኬቱ ቀይ ነው።

«የደምለው አረንጓዴ ነው» አልኩ። ለራሴ ነበር የተናገርኩት፤ ወንድሜን ለወራት በልቤ ነፍሰ ገዳይ አድርጌው ኖሬያለሁና።

የኔሰው ተንበርክኮ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋ።

«የአጎቴ ጃኬት ነው» አለ። «ለገና የገዛሁለት እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ መጋረጃው ተገለጠ። ትኩሳት ያነደደው ደምለው የሰማው የእናቱን ጩኸት፣ ያየው የጠላቱን ጀርባ ነው። ሽጉጡን ከማጫወቻው ላይ አነሳው። ተው ስል ተኮሰ። የኔሰው በግንባሩ ቴሌቪዥኑ ላይ ተደፋ፤ ደሙ ምስሉን እያቋረጠ ወረደ። ዘፈኑ አልቆመም፤ ከበሮው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል። ደምለው ሊደግም ሲያነጣጥር የኔሰው ላይ ተጋደምኩበት።

«በእኔ አሳልፈህ ተኩስ» አልኩት። «የገደለው ሌላ ነው። ቀለሙን እየው።»

አየ። ሽጉጡን ጣለና ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ።

ጥይቱ በትከሻው አጥንት ሥር ገብቶ በፊት በኩል ወጥቶ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ እስኪነቃ አጠገቡ ሆኜ የመታኝን እጅ ይዤ ቆየሁ። ስለ ጥፊው ቂም ይዤበታለሁ፤ ግን እጁን አልለቀቅሁም። ሲነቃ ይቅር በይኝ አለኝ። መጀመሪያ ዳን አልኩት።

መናገር ሲችል መርማሪው መጣ፤ ደምለውን በካቴና አስሮ በር ላይ አቁሞታል።

«ማን ነው የተኮሰብህ?» አለው።

«ማንም። ገመድ ስቀይር የራሴ ሽጉጥ ባረቀብኝ።»

«ከኋላህ?»

«ከኋላዬ።»

መርማሪው ሽማግሌ ነው፤ የቢቸናና የሞጣን ደም ሲለቅም ያረጀ ሰው። የኔሰውን አየው፣ ደምለውን አየው፣ እኔን ትንሽ ቆየት ብሎ አየኝ። ከዚያ ካቴናውን እንዲፈቱ አዘዘ። ዲስኩን እኔ ራሴ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ባንተአምላክ አልካደም፤ ሰክሮ ጠመንጃው እንዳዘነበለበት፣ ፈርቶ በሌላ ሰው እንዳላከከ አምኖ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። የኔሰው በዚያ ቀን ያለቀሰውን ያህል ለወንድሙም አላለቀሰም።

ደም ግን ፈሷል፤ የፈሰሰ ደም ደግሞ በአገራችን ያለ ሽማግሌ አይደርቅም። ከሁለቱም ወገን ቄሶችና ሽማግሌዎች ቅጥራችን ውስጥ ተሰበሰቡ። የኔሰው ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ተቀመጠ። ደምለው በባዶ እግሩ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እየተንበረከከ መጥቶ እግሩ ሥር ወደቀ። ወጉ የታወቀ ነው፤ የተበደለው ይቅር ለእግዚአብሔር ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። ሁሉም ያን ቃል ይጠብቃል።

የኔሰው ዝም አለ። ከሞጣ የመጡት ጎረምሶች እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ።

«አውርዱለት» አለ በመጨረሻ። «አማች ለአማቹ ድንጋይ አይሸከምም።»

ሽማግሌዎቹ ወደ አባቴ ዞሩ፣ አባቴ ወደ እናቴ፣ እናቴ ወደ እኔ። እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እሱም ቢሆን። ድንጋዩን ሊያወርድ የተነሳም የለም፤ ሁሉ እኔን ያያል።

ተነሳሁ። ድንጋዩን ከወንድሜ አንገት ላይ አንስቼ መሬት አስቀመጥኩትና የኔሰው አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ።