የላላው ካቴና

የሞተር ነጂው የቦሲሬ ሬሳ የተገኘው ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ሻይ ተክሉ መሃል ነው። ሞተር ብስክሌቱ ከበላዩ መንገድ ዳር ተጋድሟል። ለናይሮቢ መንገድ የጫነው ሻንጣ እንደታሰረ ነበር።

መርማሪ ጌሳሬ ስትደርስ የሰፈሩ ሞተር ነጂዎች ሞጋካ የሚባለውን ጓደኛቸውን ከበው እየደበደቡት ነበር።

«ልቀቁት! ምን አደረገ?»

«ትናንት ከቦሲሬ ጋር ተራ ላይ ተጣልተው ‹መንገድ ያስቀርህ› ብሎታል!» አለ አንዱ።

«በንዴት ነዋ ያልኩት!» አለ ሞጋካ፣ የደማ ከንፈሩን በእጅጌው እየጠረገ። «ሰው ሲናደድ ስንቱን ይላል?»

ጌሳሬ ሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ካቴናው ከጥርሱ ወጥቶ የኋላ ጎማውን ቀርቅሮታል። ከልክ በላይ ላልቷል። ግራና ቀኝ ያሉትን የካቴናውን መወጠሪያ ብሎኖች በጣቷ ለካች፤ ሁለቱም እኩል ተለቀዋል። የጎማው ዳዶ ግን ጥብቅ ብሎ ታስሯል።

«ትናንት እኔ ነኝ የወጠርኩለት» አለ መካኒኩ ኦጌቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ። «መንገድህ ሩቅ ነው ብዬ ሁለቴ አየሁለት። ከዚያ እያፏጨ ወደ ቤቱ ወረደ።»

ጌሳሬም ኮረብታውን ተሻግራ ከወዲያኛው ዳገት ስር ወዳለው ቤት ወረደች። የሟቹ እህት ኬሩቦ ደጃፉ ላይ ኩርምት ብላለች። ምድጃው ላይ የሙዝ ቅቅል በርዷል፤ አጠገቡ ሁለት ሳህን ተቀምጧል።

«ነፍስ ይማር፣ እታለም።»

«እናታችን ስትሞት ገና ዳዴ ይል ነበር። በጀርባዬ ነው ያሳደግኩት።»

«ሞተሩ የት አደረ?»

«ኩሽና ነው። የኩሽናው ቁልፍ እኔ ጋ ነበር።»

«ካቴናውን ሲያስተካክል ታግዢው ነበር?»

«ሁልጊዜ። እኔ እቀመጥበታለሁ፣ እሱ ላላ ጠበቀ እያለ ይለካል። ‹ክብደትሽ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር› እያለ ያበሽቀኛል።» ልትስቅ አፏን ከፈተችና አልሆነላትም።

ከሰዓት በኋላ ጌሳሬ ሁሉንም ከኮረብታው አናት፣ ሞተር ነጂዎቹ ከሚቆሙበት የቆርቆሮ ጥላ ስር ሰበሰበቻቸው።

«ካቴናውን ኦጌቶ አላልቶት ቢሆን ኖሮ» አለች፣ «ትናንት ከዚህ ወደ ቤቱ ቁልቁል ሲወርድ በወለቀ ነበር። ሞጋካ ደግሞ የተቆለፈ ኩሽና ከየት ገብቶ? ቢገባስ፣ ጠላት አንዱን ወገን ፈትቶ ይሮጣል። ይህን ያደረገ ሰው ጎማው እንዳይጣመም ሁለቱንም እኩል ለቀቀ። እንዳይወልቅም ዳዶውን መልሶ አጠበቀ። ቦሲሬ እንዲወድቅ አልፈለገም።»

«ታዲያ ምን ፈልጎ ነው?» አለ ኦጌቶ።

«እንዲቀር። ካቴናው ደጃፍ ላይ ወልቆ ጉዞው እንዲሰረዝ። ግን ከደጃፉ ጀምሮ መንገዱ ዳገት ነው። ሞተሩ እየጎተተ ሲወጣ የላላም ካቴና ከላይ ተወጥሮ ይይዛል። ቦሲሬ ነዳጅ መስጠቱን ትቶ በወዲያኛው ቁልቁለት ሲወርድ ነው ካቴናው መጨፈር የጀመረው። እዚያ ወለቀና ጎማውን ቀረቀረው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እታለም፣ ወንድምሽን ናይሮቢ ሸኝተሽ ለምን ለሁለት ሰው ምሳ ሠራሽ?»



«ሲርበው ይበሳጫል» አለች ኬሩቦ፣ መሬቱን እያየች። «ሞተሩን እየገፋ ይመለሳል፣ ይበላል፣ ያኔ ጥሎኝ እንዳይሄድ እለምነዋለሁ ብዬ። ዳገቱን ሲወጣ ሳይ ‹ቁም!› እያልኩ ሮጥኩ። አልሰማኝም። የምሰናበተው መስሎት ዞሮ እጁን አውለበለበልኝ።»

ኦጌቶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ሞጋካ፣» አለች ኬሩቦ፣ «በኔ ጥፋት ተደበደብክ። ይቅር በለኝ።»

ሞጋካ የተሰነጠቀ ከንፈሩን ነክሶ አንገቱን አቀረቀረ።

«መሄድ አለብን» አለች ጌሳሬ። «ሞቱን እንዳልፈለግሽ እኔ ራሴ ለዳኛው እናገራለሁ። ለቀብሩም አመጣሻለሁ።»

ጣቢያው ሩቅ ነበር። ሞጋካ የራሱን ሞተር አስነስቶ ኬሩቦ ፊት አቆመ። «ነይ ከኋላዬ ውጪ፣ እታለም። ቀስ ብዬ ነው የምወስድሽ።»

ኬሩቦ መቀመጫውን አየችና ወደ ኋላዋ አፈገፈገች። «አልችልም» አለች።

ሞጋካ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ መሪውን ያዘና እየገፋ ከጎኗ መራመድ ጀመረ።