ባለ አዝራሩ ኩኪስ

እናትየዋ በረንዳው ላይ፣ ከሸራ ወንበራቸው ሳይነሱ ሞተዋል። ፊታቸውና ከንፈራቸው አብጧል፤ አንገታቸው ላይ የገዛ ጣቶቻቸው ጭረት ይታያል። ቀኝ እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ አርፎ ግማሽ ኩኪስ ይዟል። አያያዙ ጫጩት እንደያዘ ሰው ለስለስ ያለ ነው።

መርማሪው ተንበርክኮ አየው። በመሥሪያ ቤቱ ይህን ሰው «ወንፊት» ይሉታል። የተነገረውን ሁሉ ነፍቶ ነፍቶ፣ አላልፍ ብሎ የቀረውን ስለሚያነሳ የወጣለት ስም ነው፤ ሲጠሩትም ደስ ይለዋል። ኩራት ነዋ! ያን ቀን ግን ያ ወንፊት ምነው በተቀደደ ያሰኘው ነገር ገጠመው።

«ለውዝ ነው» አለ ሞቱን ያረጋገጠው ሐኪም። «ሁለት ስስ ኩኪሶች ተደራርበው መሀላቸው የተደቆሰ ለውዝ ገብቷል። ሴትዮዋ ደግሞ ለውዝ አይስማማቸውም፤ ከባድ አለርጂ አለባቸው። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። እዚህ ቤት ለውዝ ገብቶ አያውቅም አሉኝ።»

«መርፌ የላቸውም?»

«አላቸው። ልጃቸው ወግቷቸዋል፤ ግን ረፍዶ ነበር። ብቻቸውን ነው ወደዚህ የወጡት።»

መርማሪው ኩኪሱን አገላብጦ አየ። ሳይገመስ ክብ ነበር። ላዩ በነጭ የስኳር ክሬም ተለብጧል፤ ዙሪያውን በሰማያዊ ክሬም ቆረጥ ቆረጥ ያለ መስመር ተስሎበታል፤ ከመሀሉ ሁለት ቀዳዳ ተርፏል። የመስመሩ መጨረሻ ላይ ክሬሙ በራሱ ላይ ደጋግሞ ተጠምጥሞ ትንሽ ቋጠሮ ሠርቷል።

«አዝራር ነው» አለ ለራሱ።

ወጥ ቤቱ ገና የጨዋታ ቤት ይመስላል። ጠረጴዛው ላይ ዱቄት ተበትኗል፤ መዳመጫው ሊጥ እንደያዘ ደርቋል። በብርጭቆ አፍ የተቆረጡ፣ በሹካ የተጫኑ፣ እውነተኛ ቅጠል ተለጥፎባቸው ደም ሥሩ የቀረባቸው ኩኪሶች ተደርድረዋል። አንዱ ቤት ነው፤ መስኮቶቹ ላይ የተሰባበረ ከረሜላ ኦቨን ውስጥ ቀልጦ ቀይ መስታወት ሆኗል። ትልቁ ትሪ ላይ አራት ኩኪሶች ለብቻቸው ተቀምጠዋል።

ሴት ልጃቸው የሥዕል መምህርት ናት። ዓይኗ ደም መስሏል፤ ጥፍሯ ውስጥ ገና ክሬም አለ።

«በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ እንጋግራለን» አለች። «እማዬ ናት ያመጣችው። ዕጣ እናወጣና ለደረሰን ሰው አንድ ኩኪስ እናስጌጣለን። ስም አይጻፍም። ማን እንደሠራልህ በእጁ ታውቀዋለህ፤ ጨዋታው እሱ ነው። ሳያውቅ የበላ ዕቃ ያጥባል።»

«ማን ማን ተጫወታችሁ?»

«እማዬ፣ እኔ፣ ወንድሜና ሚስቱ። አባዬ አይጫወትም፤ ከሰዓቱን ሙሉ ተኝቶ ነበር።»

መርማሪው ስለ እንቅልፍ አልጠየቃትም ነበር።

«ሊጡን ማን አቦካው?»

«እኔ። ቅቤውንም ስኳሩንም ዛሬ ጠዋት ከአባዬ ጋር ወጥተን ገዛን። የቀረፋ ሽታ ስለሚወድ ቀረፋ አበዛሁበት።» ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ።

ወንድሟ ፋርማሲስት ነው። ቁጭ በል ቢባል አልቀመጥ አለ።

«ከእናትህ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለው መርማሪው።

«ማን አለ?»

«ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።»

«አባዬን የሚንከባከቡ ሰዎች ያሉበት ቦታ እናስገባው ብያት ነበር። እማዬ ደከመች። ሌሊት በር ከፍቶ ይወጣል፤ ምድጃ ለኩሶ ይረሳል። ያን ያልኩት ለእሷ ብዬ ነው!»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«‹እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ ቤት አይወጣም፤ ስሞትም እንዳታስወጡት› አለች። ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ነው።»

«ዛሬ ምን በላህ?»

ወጣቱ ግራ ገባው። «ከትሪው ላይ ገና ያልበሰለ አንስቼ በላሁ። እማዬ ‹እሳት ካየው ምን ለየው፤ አንተ ልጅ ሆድህ ኦቨን ነው› ብላ ሳቀችብኝ።» ከዚያ ሳይታሰብ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ለካ የእናቱ የመጨረሻ ቀልድ እሱ ነበር።

ምራትየዋ ፀጉር ሠሪ ናት፤ አማቷን «እትዬ» ትላለች። እሷ ደግሞ አላለቀሰችም። ያላለቀሰ ሰው ደግሞ ለሐሜት ይመቻል።

«ለእትዬ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «ዕጣው ለእኔ ደረሰ። ቀይ ጽጌረዳ ሠራሁላቸው።»

«ተበላ?»

«እ... አዎ። ተበላ መሰለኝ።»

«ትሪው ላይ ቀይ ጽጌረዳ አለ እኮ፤ አልተነካም።»

መርማሪው በትከሻዋ አሻግሮ የጓሮውን ገመድ አየ። አንድ አሮጌ ኮት ብቻውን ተሰቅሎ ውሃ ያንጠባጥባል። አማቷ በረንዳ ላይ ሞተው እያሉ ልብስ የምታጥብ ምራት በዘመኑ አላየም።

«የማን ኮት ነው?»

«የአባባ። ቆሽሾ ነው።»

«ዛሬ? አሁን?»

«ሰው ሊመጣ ነው ብዬ ነው» አለችና እጇን በጉርድ ቀሚሷ ጠረገች።

አዛውንቱ ክፍላቸው ውስጥ፣ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሜትሩ ዛሬም ከአንገታቸው አልወረደም። ሴት ልጃቸው በሩ ላይ ቆማለች።

«አባባ፣ ሁለት ቃል ልጠይቅዎ ነበር» አለ መርማሪው።

አዛውንቱ ፊቱን አላዩም። ኮቱን ነው ያዩት። «አንተ ልጅ፣ አዝራርህ ሊወድቅ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነህ? ና፣ ና ወዲህ!»

መርማሪው ቀረበ። አዛውንቱ የስንት ልጅ አባት እንደሆኑ ቢጠየቁ አያውቁትም፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ግን አልከበዳቸውም። እጃቸው ያለ እሳቸው የሚሠራ ይመስል ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ። ሲጨርሱ ክሩን በራሱ ላይ ደጋግመው ጠምጥመው ቋጠሩት።

መርማሪው ቋጠሮውን አየና በጣቱ ዳሰሰው።

«ዛሬ የት ዋሉ፣ አባባ?»

«ሥራ ነበረኝ። ማታ ደግሞ ልጅቷን ቤቷ እሸኛታለሁ። ባዶ እጄን አልሄድም ታዲያ! እሷ የምትወደውን ይዤላት ነው የምሄደው።» ወደ በሩ ዞረው ልጃቸውን አዩና ፈገግ አሉ። «ሎሚዬ፣ እዚያ ምን ያቆምሻል?»

ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። መርማሪው አጎንብሶ ከስፌት መኪናው ሥር ያለውን አየ፦ ካውያው ሥሩ በቅባት ወዝቷል፤ ቀይ የለውዝ ገለፈት ተለጥፎበታል። ጨርቅ በጥርስ በጥርስ የሚቆርጠው መቀስም አጠገቡ አለ፤ ጥርሶቹ መካከል ሰማያዊ ክሬም ደርቋል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ደስ ይለው ነበር።

ሳሎን ሰበሰባቸው። አዛውንቱን ክፍላቸው ይቆዩ ብሎ ነበር፤ እሳቸው ግን ሰው ሲሰበሰብ አይተው እንግዳ መጣ ብለው ወጡ፤ ወንበር ስበውም ተቀመጡ። ማን ይከልክላቸው? ቤታቸው ነው።

«ከትሪው ልጀምር» አለ መርማሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አራት ሰው ተጫወተ፤ አራት ኩኪስ ተሠራ። አራቱም ትሪው ላይ አሉ፤ የእናታችሁ ጽጌረዳ ጭምር። እሳቸው እጅ ላይ ያለው አምስተኛ ነው። አምስተኛ ሰው ነው የሠራው።»

«እኔ ነኝ!» ሴት ልጃቸው ብድግ አለች። «ሁለት ሠራሁ። ለውዙንም እኔ ነኝ ያስገባሁት። ይውሰዱኝ።»

«አይደለሽም። የአንቺ ክሬም ለስላሳ ክር ነው፤ ክሬሙን የጨመቅሽበትን ጥቅል ወረቀት ጫፍ በቢላ ነው የቆረጥሽው። አዝራሩ ላይ ያለው መስመር ግን ጎኑ ጥርስ ጥርስ ነው። ወረቀቱ የተቆረጠው ጥርስ ባለው መቀስ ነው።»

«ጥርስ ያለው መቀስ እኔም አለኝ!» አለች ምራትየዋ። «ፀጉር ማሳሺያ ነው። እኔ ነኝ። ከእትዬ ጋር እንደማንስማማ ሁሉም ያውቃል።»

«ክሬም የደረቀበትን መቀስ አግኝቼዋለሁ። ያንቺ አይደለም።»

«በቃ፣ ለውዙን ያመጣሁት እኔ ነኝ!» ወንድ ልጃቸው ጮኸ። «ሥራዬ መድኃኒት ነው፤ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

መርማሪው ብዙ ገዳይ አይቷል፤ አንዱ በሌላው ሲያላክክ ሰምቷል። ለአንድ ሞት ሦስት ሰው ሲሻማ ግን አይቶ አያውቅም። ወደ ወንድ ልጃቸው ዞረ።

«ለውዙን አንተ ካመጣኸው ሚስትህ የአባትህን ኮት ለምን አጠበች? ከኪሱ የለውዝ ገለፈት አግኝታችሁ ነው። ጠዋት እህትህ ቅቤ ስትመርጥ አባትህ ከሱቁ ደጃፍ ካለው ቆሎ ሻጭ ሳይገዙ አልቀሩም። ከሰዓት እናንተ ወጥ ቤት ስትስቁ እሳቸው አልተኙም። ከትሪ ላይ ሁለት ኩኪስ አነሱ፤ ክሬም ወሰዱ፤ ለውዙን በካውያ ደቆሱ። ዙሪያውን ሰፉት፤ መጨረሻውን ቋጠሩት። ይህቺን ቋጠሮ አሁን እኔም ኮቴ ላይ አለችኝ።»

አዛውንቱ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ያያሉ።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለ መርማሪው። «ለምን ለውዝ?»

ሴት ልጃቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «እማዬ ድሮ ለውዝ ትወድ ነበር። ያመማት እኔን ከወለደች በኋላ ነው። ልጃገረድ እያለች አባዬ ቤቷ ሲሸኛት በወረቀት ጠቅልሎ ይዞላት ይሄድ ነበር፤ ስትነግረን ትስቃለች። አባዬ አሁን እዚያ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ረስቶታል፤ እኛንም፣ በሽታዋንም።»

«እናትሽስ? አልጠረጠሩም?»

«ቀረፋው ሽታውን ሸፈነው። ደግሞም አባዬ እማዬን ካላወቃት ቆይቷል። ‹እሜቴ› ነው የሚላት፤ ውሃ ስትሰጠው ‹እሜቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ› ይላታል። ዛሬ ኩኪሱን ይዞ መጥቶ ‹ሎሚዬ› አላት። ከእሱ ሌላ በዚህ ስም የሚጠራት የለም። እማዬ ወደ እኔ ሮጣ መጣች። ‹አወቀኝ! ስፌቱን እይው፤ የሱ እጅ ነው› አለችኝ። ኩኪሱን አሳየችኝ እኮ! በእጄ ያዝኩት! ‹ይህቺን ለብቻዬ ልብላት› ብላ ወጣች። ስታለቅስ እንዳናያት ነው። እኔ ደግሞ... ደስ ይበላት ብዬ በሩን ዘጋሁላት።»

ወንድሟ አጠገቧ ተንበርክኮ አቀፋት። ምራትየዋም ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ከሁሉም ይልቅ የእሷ ልቅሶ ከበደ።

«ገዳይ የለም» አለ መርማሪው።

«ታዲያ ዝም ይበሉ!» አለች ሴት ልጃቸው። «ለሰው ምን ይጠቅማል? የሱቅ ዱቄት ነው ይበሉ። እማዬ የለመነችን አንድ ነገር ነው፦ አታስወጡት ነው ያለችን።»

«የመቅበር ፈቃድ የሚሰጠው እኔ የምጽፈው ታይቶ ነው። ሐኪሙም ያየውን ጽፏል። እኔ ብዋሽ ሌላ መርማሪ ይመጣና አንዳችሁን ይዞ ይሄዳል። እውነቱን ከጻፍኩ ደግሞ አባታችሁን ለምርመራ ይወስዷቸዋል።»

«ይመልሷቸዋል?» አለች ምራትየዋ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ጠርቶ ምን እንደሚያደርጉት ግን የነገረን የለም። መርማሪው አንዴ በሩን፣ አንዴ ገመዱ ላይ ያለውን ኮት አየ። በልቡ ሁሉንም መንገድ ሞከረው፤ አንዱም አላወጣውም።

«አላውቅም» አለ። «በእኔ እጅ አይደለም።»

አዛውንቱም እያለቀሱ ነበር። የሚያለቅስ ሰው አይተው ዝም ማለት አይሆንላቸውም። «አይዟችሁ» አሉ። «ማን ሞቶባችሁ ነው?»

ከደረት ኪሳቸው መሐረብ አወጡ፤ ገለጡት። ውስጡ ሌላ ኩኪስ አለ፤ እንደዚያኛው አዝራር፣ እንደዚያኛው ዙሪያው የተሰፋ። ልጆቹ ኮቱን ሲፈትሹ የአባታቸውን የሸሚዝ ኪስ ረስተውት ነበር። ወንድ ልጃቸው ሊነጥቃቸው እጁን ሰነዘረና መልሶ አወረደው። ከእንግዲህ የሚጎዳው ሰው የለም።

«መርማሪ ነህ አሉኝ» አሉ አዛውንቱ ወደ መርማሪው ጠጋ ብለው።

«አዎ፣ አባባ።»

«የጠፋ ሰው ታገኛለህ?»

«አንዳንዴ።»

«እንግዲያው ሎሚዬን ፈልግልኝ። ቅድም እዚህ ነበረች፤ ወደ በረንዳው ስትወጣ አይቻታለሁ። ይህቺን ሳልሰጣት እንዳይመሽባት።»

መርማሪው ኩኪሱን በሁለት እጁ ተቀበለ። ማስረጃ ነበርና መቀበል ነበረበት። አዛውንቱ ግን እሺ ያላቸው መሰላቸው፤ የኮቱን ኮሌታ አስተካከሉለት፤ የሰፉለትን አዝራር ሳብ አድርገው መጥበቁን አዩ፤ ከዚያም ወንበራቸውን ወደ በሩ አዙረው ሊጠብቁ ተቀመጡ።