ከፉርጎ ባንድ ታሪክ የጎደለችው ሴት

የፉርጎ ባንድ ታሪክ በሬዲዮ ሲነገር አሪፋ ብድግ ብላ ትዘጋዋለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ናት። አዋሽ ሰባት ካለው ምግብ ቤቷ ጎራ የሚሉ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች አመሏን ያውቃሉ። የማያውቅ እንግዳ ስልኩን ከፍቶ የባንዱን ዘፈን ያሰማ እንደሆነ ከጓዳ ድምጿ ይመጣል።

«ዝጋው! ካልዘጋኸው ምሳህን ሌላ ቤት ብላ!»

ሙዚቃ ጠልታ አይደለም። ቂሟ ከሰው ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ የሁሉም ስም ይጠራል። ሳክስፎን ነፊው ገብሩ ይጠራል፣ ትራምፔት ነፊው ከማሉዲን ይጠራል፣ ነፍሱን ይማረውና ትሮምቦን ነፊው ኮከብ ይጠራል። ባንዱ የተመሠረተበት አሮጌ የባቡር ፉርጎ እንኳ ይጠራል! የእሷ ስም ግን የለም። ታሪኩን ደግሞ ሁልጊዜ የሚያወራው ከማሉዲን ነው። ልቧን የሰጠችው ሰው።

ነገሩ የተጀመረው በ1987 ዓ.ም. ነው። አሪፋ ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ትምህርቱን ከአንደኛ ክፍል ትታ፣ እናቷ የምታበስለውን ምሳ ለባቡር ጣቢያው ሰዎች ታመላልስ ነበር። አንድ ቀን ከሐዲዱ ዳር ከቆመው ፉርጎ ምሳ ታዞ ሄደች። ገና ከበሩ ስትደርስ አንድ ቀጭን ጎረምሳ ትራምፔቱን ዘቅዝቆ ጫማዋ ላይ ውሃ አፈሰሰባት።

«ምንድን ነው ይሄ?» ብላ ጮኸች።

«ይ... ይቅርታ። ትንፋሽ ነው።»

«ትንፋሽ እንዲህ ያረጥባል?»

«ስንነፋ ውስጡ ውሃ ይሆናል...»

«ምራቅህ ነው በላ!»

ከማሉዲን እስከ ጆሮው ቀላ። ጎንበስ ብሎ ጫማዋን በመሐረቡ ሊጠርግ ሲል እሷ እግሯን ሰበሰበች። ቀና አለ። ተያዩ። አሪፋ ምሳውን የት እንዳስቀመጠችው እስከ ዛሬ አታስታውስም።

የዚያን ቀን ሦስቱ ነፊዎች አዲስ ዘፈን አልገጥም ብሏቸው ነበር። ሶልና ፈንክ የሚሉትን ሙዚቃ ነበር የሚሞክሩት። ደጋግመው ቢነፉ ቢነፉ እምቢ አለ። አሪፋ በሩ ላይ ቆማ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል?» አለ ገብሩ ተናዶ።

«ሦስታችሁም እኩል ትጮሃላችሁ። ፍየል የጠፋባችሁ ነው የምትመስሉት።»

«እሺ አንቺ ንገሪና!»

ነገረቻቸው። «ተሳቢ መኪና ከገደሉ ዳገቱን ሲወጣ ሰምታችሁ አታውቁም? እያጓራ ይመጣና ማርሽ ሲቀይር ዝም ይላል። ያቺን ዝም ያለባትን ስትሰሙ ወደ ኋላ የሚመለስ ይመስላችኋል። ከዚያ በአዲስ ጉልበት ይነሳል። እናንተ ዝም አትሉም። ትንፋሽ ስጡት! መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ከላይ ይምጣ።» ከዚያ በአፏ አወጣችላቸው። «ፓ... ፓራ-ፓ! ... ፓራ-ፓም!»

ነፉት። ፉርጎው ተንቀጠቀጠ። ከበሮ መቺው ዱላውን ጥሎ ጨፈረ። ያ ዘፈን «ሦስተኛ ማርሽ» ተባለ። ከአዋሽ እስከ ሎጊያ የማያውቀው ሾፌር የለም።

አራት ዓመት እንዲህ ሆነ። ምሳ ታደርሳለች፣ ዜማ ታወጣለች። ከማሉዲን ከአፏ ይቀበልና በትራምፔት ይመልስላታል።

«እንዲህ?»

«አይደለም። አታስለቅሰው። አኩራው!»

«እንዲህስ?»

«አሁን ሰው መሰልክ።»

አንድ ከሰዓት የቀሩት ውሃ ሊጠጡ ሲወጡ እሱ ቀረ።

«አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልልክ ነው» አላት።

ልቧ ዘለለ። አፏ ግን አፏ ነው። «ማን ያዘህ? ላክ!» አለችው።

ጠበቀች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት... ሽማግሌ ያየ የለም። ከማሉዲንም ዓይኗን ይሸሽ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ባንዱ በሬዲዮ ቀረበ። እናትና ልጅ ሬዲዮኑን ከበው ተቀመጡ። ጋዜጠኛው «እነዚህን የትንፋሽ ዜማዎች ማን አወጣቸው?» ብሎ ጠየቀ። ከማሉዲን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከአዋሽ ነፋስ ነው ያገኘናቸው» አለ።

አሪፋ ሬዲዮኑን ዘጋችው። በማግስቱ በራፏ ድረስ መጣ። አላስገባችውም።

«አንድ ነገር ልንገርሽ...»

«ነፋስ ነኝ አይደል? ነፋስ አይያዝም። ሂድ!»

በሩ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኢስማኤል የሚባል ሾፌር ጠየቃት፣ አገባች። ደግ ሰው ነበር። በአሥራ አንደኛው ዓመት ሚሌ አጠገብ መኪናው ተገለበጠና ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ከማሉዲን ለቅሶ መጥቶ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። ቀና ብላ አላየችውም። ከዚያ ወዲህ ባንዱ በአዋሽ ባለፈ ቁጥር እሱ ምግብ ቤቷ ይገባል፣ በልቶ ይነሳል።

«እጅሽ ይባረክ፣ አንቺ ሰው» ይላታል።

«አንቺ ሰው! ስሜንም ረስቶታል» እያለች ትቃጠላለች።

ዘንድሮ ገብሩ ደወለ።

«አሪፋ፣ ባንዱ ሠላሳ ዓመት ሞላው እኮ! ሰመራ ትልቅ ዝግጅት አለን። መምጣት አለብሽ።»

«ታሪካችሁም ይነገራል?»

«እኔው ጽፌዋለሁ። መድረክ ላይ ይነበባል።»

«እኔስ አለሁበት?»

«እሱን... ከማሉን ጠይቂው» አለ ገብሩ። «ስሟን ተወው ብሎ የለመነኝ እሱ ነው።»

አሪፋ ስልኩን ዘግታ ሻንጣዋን አወረደች። ወጥ ሠሪዋ ውባንች ከጓዳ ብቅ አለች።

«እትዬ፣ ወዴት ነው?»

«ሰመራ። አንድ ሰው በሕዝብ ፊት ላዋርድ።»

«በዚህ ሐር ሻሽ? ልታዋርጂው ነው ወይስ ልታገቢው?»

«አርፈሽ ሽንኩርትሽን ክተፊ!»

ማለዳ ተሳፈረች። ገዋኔን፣ አዳይቱን፣ ሚሌን አልፋ ሰመራ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አስፋልቱ ይፋጃል። ከአዳራሹ ጀርባ ነፊዎቹ ይሟሟቃሉ። ከማሉዲን ጥግ ላይ ተቀምጦ ትራምፔቱን ዘይት ይቀባል። ጢሙ ሸብቷል። ሲያያት ብድግ አለ።

«መጣሽ፣ አንቺ ሰው?»

«ስም የለኝም? ገብሩ ሊጽፈኝ ሲል ለምን ከለከልክ? ምን በድዬሃለሁ?»

ከማሉዲን ትራምፔቱን አስቀመጠ።

«በ1991 አባትሽ ሱቅ ሽማግሌ ይዤ ሄጃለሁ» አለ።

«ውሸት!»

«አባቴ ነው አብሮት የሄደው» አለ ገብሩ ከወዲያ። «እኔም በር ላይ ቆሜ ነበር።»

አሪፋ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«አባትሽ ሐጂ ሙእሚን ‹ለጡሩምባ ነፊ የምድረው ልጅ የለኝም› አሉ» ሲል ከማሉዲን ቀጠለ። «‹ስሟም በጭፈራ ቤት እንዳይነሳ። ከእንግዲህ ስሟን ከአፍህ እንዳታወጣ፣ ለማንም እንዳታስነግር በአላህ ማልልኝ። ካልማልክ ነገ ጠዋት ባቲ ወንድሜ ዘንድ እሰዳታለሁ፣ እዚያው ትዳራለች› አሉኝ። ማልኩ። ቢያንስ አዋሽ ትቅር ብዬ።»

«ለምን... ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርሽ መጣሁ። በሩን ዘጋሽብኝ። ከዚያ የሰው ሚስት ሆንሽ። ለባለትዳር ሴት ይሄ ይወራል?»

«ኢስማኤል ከሞተ እኮ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው!»

«ያኔ አባትሽም አልፈው ነበር። የሞተ አባቷን ልክሰስላት? አልሆነልኝም።»

አሪፋ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እልኋ ግን አለቀቃትም።

«ከፋራ የለም እንዴ? ድሃ አብልተህ ከመሐላው አትወጣም ነበር?»

«አለ። ሼሁም ነግረውኛል። ግን ላንቺ ብዬ የማልኩትን በአሥር ሰው ምሳ ልለውጠው አልፈለግኩም።»

ሃያ ስድስት ዓመት የረሳት የመሰላት ሰው ቃሉን ይዞ ኖሯል! ሌላው ወንድ ወሬውን በየመሸታው ይዘራው ነበር። ይሄኛው ሚስት ሳያገባ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሸበተ። አሪፋ ደረቷ ሞላ። ሊያስለቅሳትም ሊያስቃትም የሚታገላት ኩራት ነበር።

ተነሳች። ሻሿን አስተካከለች።

«የማልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔስ ምያለሁ?»

«አንቺማ... አልማልሽም።»

«እንግዲያው መንገድ ልቀቅ!»

በወሬው መሐል ተጠርቶ የወጣው ገብሩ መድረኩ ላይ ወረቀቱን ማንበብ ጀምሯል። አዳራሹ ሾፌር፣ ነጋዴ፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ የጋራዥ ሰው፣ ሁሉ ሞልቶበታል። አሪፋ በመሐል አቋርጣ ወጣች፤ ማይኩን ከእጁ ወሰደች። ድምጿ ጠጣር ነው።

«እኔ ማንበብ አልችልም። ስለዚህ በቃሌ ነው» አለች። «አሪፋ ሙእሚን እባላለሁ። ‹ሦስተኛ ማርሽ›ን ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹንም እንዲሁ። ኖታ የሚባል አላውቅም። መኪና አውቃለሁ፣ ዳገት አውቃለሁ።»

አንድ ሾፌር ከኋላ «እውነቷን ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ቆይ አልጨረስኩም። ይሄ ባንድ ባቡሩ ሲቆም ያልቆመ ባንድ ነው። መድረክ ሲያጡ አፋምቦ ላይ በመኪና ጭነት ላይ ወጥተው ነፍተዋል። ኮከብ የሞተ ዓመት የእሱን ቦታ ክፍት ትተው በሁለት ሰው የነፉ ሰዎች ናቸው። በቂም ሬዲዮ ስዘጋ ኖሬ ይሄን ሁሉ ከየት ሰማሽ ብትሉኝ... ከዘጋሁ በኋላ መልሼ እከፍተው ነበር!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

«አባቴን አትውቀሱት፤ ለእኔ የፈራ ሰው ነው። ስሜን ያልጠራውንም አትውቀሱት። ቃሉን የጠበቀ ሰው ነው። እኔ ግን ቃል የለብኝም። ገብሩ፣ ብዕር አለህ?»

«አ... አለ።»

«ጻፍ። ‹የፉርጎ ባንድን የትንፋሽ ዜማዎች ያወጣችው አሪፋ ሙእሚን ናት።› ጻፍክ?»

«ጻፍኩ።»

«አንብበው።»

ገብሩ አነበበው። ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበ። አሪፋ እስኪያበቁ ጠበቀች።

«ሌላም ጻፍ። ‹ትራምፔት ነፊውን ልታገባው ነው።›»

ከማሉዲን ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለ፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል።

«አንቺ ሰው! ሽማግሌ ሳትልኪ?»

«ያንተ ሽማግሌ ሃያ ስድስት ዓመት ፈጅቷል! እሺ በል ወይ እምቢ በል።»

«እሺ... ወላሂ እሺ!»

ገብሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ኒካሁ ላይስ ስሟን ማን ሊጠራ ነው?»

«ሼሁ ይጥሩት» አለ ከማሉዲን እንባውን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። «የእኔ ሥራ ‹ተቀብያለሁ› ማለት ብቻ ነው።»

አሪፋ ማይኩን ለገብሩ መለሰችና ከፊት ረድፍ ካለው ወንበር ተቀመጠች።

«በሉ ንፉ!» አለች። «ሰው ሊሰማችሁ ነው የመጣው።»