የወልቀፊቱ ሞተር

መካኒኩን ወልደኢየሱስን የገደለው ራሱ ከገደል ያወጣው ሞተር ነው። በቀሃ ወንዝ ዳር ባለችው ጋራዥ ደጃፍ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እንዲህ እያለ ያዝን ነበር። መቶ አለቃ ዳኛው ከፖሊስ ጣቢያ ተጠርቶ ሲደርስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ስድስት፣ ወሩ መጋቢት፣ ጾሙ ሁዳዴ ነው።

በጋራዡ መካከል እንግሊዞች ጦርነቱ ሲያበቃ ጥለውት የሄዱት የጦር ካሚዮን ቆሟል። ወልደኢየሱስና ሾፌሩ አድማሴ በሐራጅ በጋራ ገዝተውት ዓመት ሙሉ ዝገቱን ሲፍቁ፣ ወለሉን ሲያነጥፉ፣ አረንጓዴ ቀለም ሲቀቡት ከርመዋል። የቀረው ሞተሩ ነበር። የራሱ ሞተር የቤንዚን ነው፤ ሊማሊሞን ሲወጣ ይግላል፣ ቤንዚኑንም እንደ ውኃ ይጠጣዋል። ወልደኢየሱስ በናፍጣ ሞተር እንለውጠው ብሎ ተነሣ። በጠላት ጊዜ ወልቀፊት ላይ ገደል የገባ የጣሊያን ካሚዮን እንዳለ ያውቃል፤ የእሱን ሞተር አንድ ወር ሙሉ በገመድና በሰው ጉልበት አስጎትቶ አወጣው፣ ጠግኖም በሰንሰለት ከጋራዡ አግዳሚ ላይ ሰቀለው። አድማሴ ግን ገደል የበላው ሞተር ገፊ ነው እያለ ይከራከር ነበር። አሁን ሬሳውን ሲያይ ሰው ሁሉ ለአድማሴ ቃል ራሱን ይነቀንቃል።

«ጌታዬ፣ ነገሩ ግልጥ ነው» አለ ወታደር በላቸው። ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው ነው። «ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ አድማሴና ሟቹ ሲጯጯሁ ሰፈሩ ሰምቷል። ምሳውን ይዩት፤ ቋጠሮው አልተፈታም። ሟቹ የደብተራ ልጅ ነው፣ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጾመው። ቅዳሴ ሲወጣ ደግሞ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል እንጂ አይቆይም። ሳይበላ ሞተ ማለት ከዘጠኝ በፊት ሞተ ማለት ነው። አድማሴ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ኮሶዬ ሄዷል። ገድሎ ሸሸ።»

«ሸጋ» አለ ዳኛው። «አንተ ፈርደሃል። እኔ ደግሞ ልመርምር።»

በሬሳው ራስ በኩል ተንበረከከና ጎንበስ አለ። ባልደረቦቹ ከእሱ አፍንጫው ቀድሞ ይደርሳል እያሉ የሚያሙት ያለ ምክንያት አልነበረም። የሟቹ ከንፈርና ሪዝ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ሞተሩ ወርዶበት ደረቱ ቢደቅም ፊቱ አልተነካም፤ ናፍጣ የፈሰሰበት ምልክትም የለውም። ሰውየው የተገኘበት ቦታ ከናፍጣው በርሜል ጥግ፣ ሞተሩ ከተሰቀለበት ልክ ሥር ነው። ግድግዳው ላይ ባለ ሚስማር የተጠመጠመ የጎማ ቱቦ ተሰቅሏል፤ ከጫፉ ገና ጠብ ጠብ ይላል። ሰንሰለቱን አጥብቆ ይዞት የነበረው ወፍራም ችንካር ከግድግዳው ሥር ወድቋል፤ አልተጣመመም፣ አልተሰበረም። ያን የሚያህል ሞተር በራሱ ክብደት ቢያስመልጠው ኖሮ ችንካሩ ይጎብጥ ነበር። ሰው ነው የነቀለው።

ዳኛው ወደ ውጭ ሲወጣ ከላይ ሰፈር የግራዝማች ሐብተ ማርያም የናፍጣ ወፍጮ ቱክ ቱክ ሲል ሰማ። ያን ጊዜ ነገሬ አላለውም።

በማግስቱ ለቅሶ ቤት ሄዶ የሟቹን ሚስት ባንቺአየሁን አገኛት። ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘችው እሷ ናት።

«ባልሽ ናፍጣ ከበርሜል የሚቀዳው እንዴት ነበር?»

«በጎማ ነዋ። ጫፉን በአፉ ይስብና ሲመጣ ወደ ጀሪካኑ ይለቀዋል። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ግን ለብረት ማጠቢያ ሲያስፈልገው ጠዋት ጠዋት የሚስብለት አድማሴ ነው።»

«ምነው?»

«አፌን የነካ ነገር ሁሉ ያስገድፈኛል ይላላ! አድማሴ "ናፍጣ ቅቤ አለው እንዴ?" እያለ ይስቅበታል።» ለመሳቅ ቃጣትና እንባዋ ቀደማት።

ከኮሶዬ ሲመለስ መንገድ ላይ የተያዘው አድማሴ ጣቢያው ወለል ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ኮሶዬ ምን ልታደርግ ሄድህ?»

«ሞተሩን የሚይዝ ማሰሪያ ብረት አንድ አንጥረኛ ዘንድ አዝዘን ነበር፤ እሱን ላመጣ። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነበርሁ፣ ያላየኝ የለም። በሞተሩ ነገር እሺ ብዬው ነበር እኮ ጌታዬ!»

«ታዲያ የተጯጯሃችሁት በምንድን ነው?»

አድማሴ አቀረቀረ። «በፍሬኑ ቧንቧ። ዝም በል፣ ሰውየው ትልቅ ሰው ነው፣ ያጠፋሃል አልሁት። አያ ወልደኢየሱስ አሻፈረኝ አለ። የቀረውን እናቱን እማማ ወለተ ሚካኤልን ይጠይቁ።»

ዳኛው የፈራው ይህን ነበር። ወለተ ሚካኤልን ያውቃታል፤ ከሚያውቃት በላይ ደግሞ ያፍራታል። የበኩር ልጇ ወልደ ዮሐንስ በጠላት ጊዜ በዚያ በጣሊያኖቹ ካሚዮን ላይ ረዳት ነበር፤ ካሚዮኑ በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ገደል ሲገባ አብሮ ሞተ። ነፃነት ሲመለስ ሐብተ ማርያም የሚባል ሰው ብድግ ብሎ «ካሚዮኑን ከነጣሊያኑ ከነባንዳው በጥይት የጣልሁት እኔ ነኝ» አለ። ግራዝማችነት ተሾመ፤ የባንዳ ቤተሰብ ርስት ነው ተብሎም የወለተ ሚካኤል መሬት ተሰጠው። እሷ የቀራትን ሸጣ የልጇን ተዝካር ደገሰች። የባንዳ ተዝካር አንበላም ብሎ አንድም ሰው አልመጣም። እንጀራውን ውሻ በላው፤ ጠላው ተደፋ። ከቀሩት ሰዎች አንዱ ዳኛው ነበር።

አሮጊቷ ከፍራሽዋ ላይ ሳትነሣ ሣጥኗን አስከፈተችና በጨርቅ የተጠቀለለ ቧንቧ አወጣች።

«ሞተሩን ሲያወጣ ያገኘው ነው። እየው፣ ልጄ።»

ዳኛው አገላበጠው። ቧንቧው ከአራት ሦስት እጁ በብረት መጋዝ፣ በሴጌቶ፣ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ የቀረችው ስስ ጠርዝ ተበጥሳለች። ፍሬኑ አጥብቆ ሲረገጥ እንዲበጠስ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

«ካሚዮኑንስ ጥይት ነክቶታል?»

«አንድም ቦታ። ወልደኢየሱስ ሦስት ቀን ሙሉ ፈልጓል። ከፋሲካ በኋላ ለጠቅላይ ግዛቱ አቀርበዋለሁ አለኝ። እኔ ነኝ ያጠፋሁ። መጀመሪያ ሽማግሌ ላክበት፣ ራሱ ይናገር፣ ትልቅ ሰው በአደባባይ አይዋረድ አልሁት። ላከበት።» ከዚያ በኋላ የምትለው ለዳኛው አልነበረም። «እኔ ከላይ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ለወልደ ዮሐንስ ሰው ተዝካሩን እንዲበላለት። አሁን ሁለተኛውንም አስበላሁት።»

ዳኛው ከዚያ ወጥቶ ግራዝማች ሐብተ ማርያም ቤት ሄደ። ግራዝማች ካባቸውን ደርበው በወፍጮ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ከውስጥ ወፍጮው ይጮኻል።

«እኔ ከጥምቀት ወዲህ ያን ጋራዥ አልረገጥሁም» አሉ። «ከትናንት ወዲያም ትናንትም ከቅዳሴ ወጥቼ በቀጥታ ቤቴ ነው የገባሁ። ልጁ ሸጋ መካኒክ ነበር፤ ነፍስ ይማር።»

«አሜን። ወፍጮዎ በደህና ይፈጫል?»

«ይመስገነው።»

ዳኛው ጓሮውን ዞሮ ቁናዋን ታቅፋ ተራ ከምትጠብቅ ከእንኳየሁ ከምትባል ሴት አጠገብ ቆመ።

«እንዴት ያለ ሰልፍ ነው፣ እታለም?»

«ምን እናድርግ ጌታው! ሦስት ቀን ቆሞ አልነበር? ናፍጣው ከአሥመራ አልመጣም ተባለና አዘዞም ጠፋ፣ ከተማውም ጠፋ። ግራዝማች ይባረኩ፣ ትናንት ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጀሪካን ራሳቸው ተሸክመው መጡና ተነሣ።»

ዳኛው አመስግኗት ሲሄድ ያወቀው ነገር ደስ አላሰኘውም። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል የሚለው ተረት ትዝ አለው።

በሣልስቱ ቀን ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰባቸው። ባንቺአየሁና ወለተ ሚካኤል በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ አድማሴ በሁለት ወታደሮች መካከል ቆመ፤ ግራዝማች ከአሽከሮቻቸውና ከወፍጮ ጠባቂያቸው ከተክለ ጊዮርጊስ ጋር መጡ። ሰፈርተኛው በሩን ሞላው።

«ወልደኢየሱስ ምሳውን አልበላም» ብሎ ጀመረ ዳኛው። «ስለዚህ ከዘጠኝ በፊት ሞተ ብለን ሁላችን ተሳስተናል። ምሳው ይህን ሲነግረን አፉ ሌላ ይነግረን ነበር። ከንፈሩ ላይ ናፍጣ ነበር፤ ቱቦውም ገና ይንጠባጠብ ነበር። በሁዳዴ ከዘጠኝ በፊት ናፍጣ በአፉ አይነካም፤ ጠዋት ቢያስፈልገው የሚስብለት አድማሴ ነው። እንግዲህ የሳበው ከዘጠኝ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ አድማሴ ኮሶዬ ከአንጥረኛው ጋር ነበር።»

ባንቺአየሁ «ወይኔ» አለች በዝግታ።

«ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው ጾሙ ሲፈታ ምሳውን ትቶ ናፍጣ ለምን ይስባል? ለራሱ ከሆነ በልቶ ይሠራዋል። እንግዳ መጥቶ ቢለምነው ነው፤ ያውም እንቢ የማይለው ትልቅ ሰው። ያ ሰው እሱ በርሜሉ ላይ ሲጎነበስ ችንካሩን ነቀለ፤ ሞተሩም ወረደ። ቱቦውን መልሶ ሰቀለው፤ ምሳው እንደ ታሰረ መሆኑን አይቶም ደስ ብሎት ሄደ። አንድ ነገር ብቻ መተው አልሆነለትም፤ የተቀዳውን ናፍጣ። ካሚዮኑ ሞተር የለውም፣ ሰፈሩ ናፍጣ አይጠጣም። በዚህ ከተማ ያን ቀን ለአንድ ጀሪካን ናፍጣ የሚጓጓ፣ ሟቹም በሕይወት እንዲቆይ የማይፈልግ አንድ ሰው ብቻ ነው። ተክለ ጊዮርጊስ፣ ናፍጣውን ማን አመጣልህ?»

ወፍጮ ጠባቂው ጌታውን አየ፣ ምድሩን አየ። «ግራዝማች ናቸው» አለ። «አሥር ሰዓት ገደማ።»

በላቸው ከወፍጮ ቤት ያመጣውን ጀሪካን መካከል ላይ አስቀመጠው። አድማሴ ሲያየው ጮኸ። «የእኛ ነው! ክዳኑን በሽቦ ያሰርሁት እኔ ነኝ!»

ግራዝማች ጀሪካኑን አዩ። ከዚያ ካባቸውን አስተካከሉ።

«ሽማግሌ ላከብኝ» አሉ። «ለፋሲካ እናገራለሁ፣ እስከዚያው ለሰው እህል ስትል ትንሽ ናፍጣ ስጠኝ አልሁት። ደስ ብሎት እጄን ስሞኝ ነው የተጎነበሰው።» ወደ ወለተ ሚካኤል ዞሩ። «ስለ ቧንቧው ግን ብረት አይመሰክርም። ማንም ቆረጠው ይባላል። ያን ቀን ገደሉ ላይ ነበር፣ ዛሬም አለ የሚባል ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ባለደሟ አንቺ ነሽ፤ ማርሁት ብትዪ ዳኞቹ ገመዱን ይተዉልኛል። የታናሹን ደም ማሪኝ፣ የታላቁን ስም እሰጥሻለሁ። አለዚያ ይዤው እሰቀላለሁ።»

ዳኛው በመካከላቸው ገባ። በአሥራ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ ሰው ለመምታት እንደዚያ ቀን ፈልጎ አያውቅም። «እማማ፣ አይመልሱለት» አለ። «እኛ እንጽፈዋለን።»

«ጽፋችሁ ማን ያምናችኋል፣ ልጄ?» አለች። ባንቺአየሁን አየቻት፤ ባንቺአየሁ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ከነጠላው ሥርም በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። አሮጊቷ ተነሣች።

«ወልደኢየሱስ ገደል የወረደው ለወንድሙ ብሎ ነው። የሞተለትን ነገር ለደሙ ስል ላስቀርበት? በእግዚአብሔር ስም ማርሁህ። ተናገር።»

ግራዝማች ምድር ምድሩን እያዩ ተናገሩ። «ጥይት አልተኮስሁም። ድንጋይ ሥር ተደብቄ ነበር። በዋዜማው ልጅሽ ፍሬኑን ቆርጬዋለሁ፣ መንገድ ዳር ጠብቁና መሣሪያውን ውሰዱ ብሎ ላከብኝ። ቁልቁለቱ ላይ ይዘላል ብዬ ነበር። አልዘለለም። ጣሊያኑ መሪውን ወደ ተራራው ሲጠመዝዝ እሱ ታግሎ ወደ ገደሉ አዞረው።»

ጸሐፊው ቃሉን ጻፈ፤ ግራዝማች ፈረሙ፤ ወታደሮቹም ወሰዷቸው። ጋራዡ ውስጥ የቀረው ሰው እርስ በርሱ መተያየት አቅቶት ካሚዮኑን ያይ ጀመር።

«ከፋሲካ በኋላ የሁለት ልጆች ተዝካር አለብኝ» አለች ወለተ ሚካኤል። «ትመጣላችሁ?»

«እንመጣለን!» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ። አንዱ ጌሾውን እኔ አለ፣ አንዷ ገብሱን እኔ አለች፤ ሌላው ድንኳኑን እኔ አለ። ዳኛውም «እመጣለሁ፣ እማማ» አለ፤ ድምፁ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ሲወጣ ራሱን ጠላ።

አሮጊቷ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ያን ጊዜ እንዲህ ብትሉኝ ኖሮ» አለች፣ «ወልደኢየሱስ ገደል ምን ሊያደርግ ይወርድ ነበር?»