ዐሥራ ሁለተኛው ዙር

ወረቀቱ ላይ የሰባተኛው ጥያቄ መልስ «አልሰጥም» ይላል። ስክሪኑ ላይ ግን «እሰጣለሁ»። ልጅቷ ሁለቱን ደጋግማ አመሳከረች። ሳትለካ ምንም ስለማታምን ክፍሉ ውስጥ «ሚዛን» ይሏታል።

ስክሪኑ ላይ ያሉት ሠላሳ ሁለት ነጥቦች የክፍሏን ልጆች ጠባይ የያዙ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንቶች፣ ማለትም በልጆቹ ፋንታ በራሳቸው የሚወስኑ ፕሮግራሞች ናቸው። ጠባዩን የወሰደችው ልጆቹ በእጃቸው ከሞሉት መጠይቅ ነው። በየዙሩ ኤጀንቶቹ ጎረቤታቸውን ደብተር እንዲያውሳቸው ይጠይቃሉ፤ የሰጠ አረንጓዴ፣ የከለከለ ቀይ ይሆናል። ከዚህ በፊት ሙከራውን ዐሥር ጊዜ አስኬዳዋለች፤ ዐሥሩንም ጊዜ በዐሥራ ሁለተኛው ዙር ሁሉም ቀይ ሆነ። ትናንት ግን አረንጓዴው እስከ አርባኛው ዙር ቆየ።

የተቀየረው የተማሪ ቁጥር ዐሥራ አራት መልስ ነው። ዐሥራ አራት ደግሞ «ቱርቦ» ነው፤ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አብሯት የሚቀመጠው፣ ይህንንም ሥራ አብሯት የሚሠራው ጓደኛዋ።

«አንተ ነህ የቀየርከው?»

ቱርቦ አልካደም። የሳይንስ ውድድሩ ዳኞች ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደሚመጡ፣ ሁሉም የሚጨካከንበትን ሥራ ማንም እንደማይሸልም ነገራት።

«አንዲት መልስ ናት እኮ፣ አታካብጂ።»

«ወረቀቱ ላይ ግን አልሰጥም ብለሃል።»

«በቃ፣ ያን ቀን ደብሮኝ ነበር።»

የቱርቦ ኤጀንት በቀደሙት ሙከራዎች ከሁሉ ቀድሞ ሲከለክል የጻፈውን ከፈተች። «ይቅርታ፣ ነገ ፈተና አለብኝ» ይላል። ባለፈው ወር ሁለት ሳምንት ታማ ስትተኛ ደብተሩን ብትጠይቀው ቱርቦ የላከላት መልእክት ይኸው ነበር፣ ቃል በቃል። በማግስቱ ፈተና አልነበረም።

«እንደነበረ ከመለስሽው ስሜን ከሪፖርቱ አውጪው» አለና ቦርሳውን አንጠልጥሎ በሩ ጋ ቆመ።

መልሱን ወደ «አልሰጥም» መለሰችው። እንደገና አስኬደችው። ነጥቦቹ አንድ በአንድ ቀሉ፣ በዐሥራ ሁለተኛው ዙር አለቀ። ሪፖርቱ ላይ ቁጥሩን ጻፈች፤ ስሙንም ፊደል በፊደል አጠፋች። ቀና ስትል በሩ ላይ ማንም የለም።

ሪፖርቱን ልትዘጋ ስትል እጇ ቆመ። ባለፈው ሳምንት ቁጥር ዐሥራ አራትን አውጥታ የሞከረችው ትዝ አላት። ከመጨረሻው መስመር ሥር እንዲህ ስትል ጨመረች፦

«ዐሥራ አራት ሳይኖርም ውጤቱ ያው ነው። ያኔ መጀመሪያ የከለከለው የእኔ ኤጀንት ነበር።»

ከዚያ ማተሚያውን አበራች።