በበረዶ ላይ የተጠራ ሕግ

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር አራት ቀን፣ ዕለቱም ቅዳሜ፣ የዮሐንስ ወልደ ነጎድጓድ በዓል በሚከበርበት ቀን፣ በካልጋሪ ከተማ ላይ የወረደው ብርድ የአገሬውን ሽማግሌዎች እንኳ ያስደነገጠ ነበር፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት ዲግሪ ገብቶ፣ በስካይቪው ራንች ሰፈር ከየቤቱ ጣሪያ የሚወጣው የማሞቂያ ጭስ ቀጥ ብሎ እንደ ምሰሶ ቆሞ ነበር። በዚያ ምሽት በአውሮፕላን ማረፊያው የጥበቃ ኃላፊ የነበሩት አቶ ደርበው ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው ወደ በረዶ ሆኪ አዳራሽ ገቡ።

የመጡት ለመዝናናት ሳይሆን ለመፍረድ ነው። አባታቸው በመንዝ አጥቢያ ዳኛ ስለነበሩ፣ እሳቸውም ዳኝነቱን ባሕር አሻግረው ይዘውት መጥተዋል፤ ችሎቱ ግን በቤታቸው ብቻ ቀርቷል። ከብዙ ስእለት በኋላ ያገኟትን አንድያ ልጃቸውን አርያምን፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ቅድስት በመስከረም ለሆኪ ሲያስመዘግቧት፣ አቶ ደርበው ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። «አንድ ጨዋታ አይቼ እፈርዳለሁ፤ ይግባኝ የለውም» ብለው ነበር። ከሆኪው ትውጣ የሚለው ፍርድ በልባቸው አስቀድሞ ተጽፏል፤ አርያምም ይህን ስለምታውቅ እህል ሳትቀምስ ነው የወጣችው።

አጠገባቸው የተቀመጠው ሩቤን የካስልሪጅ ሰፈር ታክሲ ነጂና የወንጌል አማኝ ሲሆን፣ ልጁ ሄቨን ከአርያም ጋር በአንድ ቡድን ትጫወታለች።

«ጋሼ፣ በጣም ሲምፕል ነው» አላቸው የጨዋታውን ሕግ ቢጠይቁት። «ከየቲሙ አምስት ልጆች ይንሸራተታሉ፣ ስድስተኛዋ ጎሊ ናት፤ ኔቱን ትጠብቃለች። ያቺ ጥቁር ጎማ ፓክ ትባላለች፤ በዱላው እየገፉ ኔት ውስጥ ማስገባት ነው። ጨዋታው በሦስት ፒሪየድ ይከፈላል። ሰማያዊዋን መስመር አዩዋት? ፓኳ ሳትሻገር ተጫዋች ቀድማ ከተሻገረች ኦፍሳይድ ነው።»

«የጠየቅሁህ የመስመሩን አይደለም። ሲጋጩ ምን ይሆናሉ?»

«በነሱ ሊግ ሆን ብሎ መግጨት ክልክል ነው። ያጠፋች ሁለት ደቂቃ ፔናልቲ ቦክስ ትገባለች፤ ቲሟም ሰው ጎድሎት ይጫወታል።»

ይህቺን ወደዷት፤ ጥፋተኛው ታስሮ ወገኑ አብሮ የሚቀጣበት ሥርዓት፣ ሌባው እስኪታወቅ አገሬው በሙሉ ተይዞ የሚውልበትን የአባታቸውን ዘመን አውጫጭኝ አስታወሳቸው። ነገር ግን ባለ ብረት ስለቱ ጫማ በረዶውን ሲሸረክተው፣ ልጆቹ ከግድግዳው ሲላተሙ በተሰማ ቁጥር ያ የወደዱት ሥርዓት ይጠፋባቸው ነበር። የብረት ፍርግርግ ከለበሱት ፊቶች መካከል የትኛው የልጃቸው እንደሆነ ለመለየት እንኳ ተቸግረው፣ በመጨረሻ ሩቤን በጣቱ አሳያቸው።

ሁለተኛው ፒሪየድ ሊገባደድ ሲል በአዳራሹ ያለ ስልክ ሁሉ በአንድ አፍታ ጮኸ። ሩቤን አነበበላቸው፤ በዚህ ብርድ የመላው ግዛት ኤሌክትሪክ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ሕዝቡ የሚችለውን ሁሉ እንዲያጠፋ መንግሥት ይለምናል። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ማሞቂያ ቢቆም ሕፃን የያዘ ቤት ምን ይውጠዋል? የአዳራሹ ሠራተኞችም በተመልካቹ በኩል ያለውን መብራት አጠፉ፤ ጨዋታው ግን አልቆመም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ በዚያች ቅጽበት አርያም ፓኳን ይዛ ከጥግ ስትወጣ ሁለት ግዙፍ ልጃገረዶች እየበረሩ መጡባት። አቶ ደርበው ብድግ ብለው፣

«በሕግ አምላክ! ቁሙ!» ብለው ጮኹ።

በቀደመው ዘመን ይህ ቃል የተጠራበት ሰው ሰይፍ መዝዞም ቢሆን ይቆማል፤ አልፎ የሄደ ሕግን እንደ ደፈረ ይቆጠራል። በአቶ ደርበው ቤትም ሕጉ አልተሻረም፤ አርያም በልጅነቷ ወደ መኪና መንገድ ስትሮጥ ይህንኑ ሰምታ ደርቃ ትቀር ነበር። በዚያ በረዶ ላይ ግን ቃሉን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።

ስለዚህ እሷ ብቻ ቆመች። ከኋላ የመጣችው ልጅ መግታት አቅቷት በትከሻዋ ገጨቻት፤ አርያም ከግድግዳው ተላትማ ወደቀች፤ አልተነሣችም።

የጨዋታው ዳኛ ፊሽካውን ነፋ። ያን ጊዜ በሜዳው ያሉት ልጆች በሙሉ፣ የወዳጅም የባላጋራም፣ በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ።

«ሩቤን! ለምን ተንበረከኩ? ልጄ ሞተች?»

«ኖ፣ ኖ፣ ጋሼ! ሰው ሲጎዳ ልማዳቸው ነው! ሪስፔክት ነው!»

እሳቸው ግን አልሰሙትም። ደረጃውን እየተደናቀፉ ወረዱ፤ ሜዳውን ከከበበው መስተዋት ተለጥፈው፣ ያ ሁሉ ሕፃን ለአንድ አስከሬን የሰገደ መስሏቸው፣ የገዛ ልጃቸውን በገዛ አፋቸው መግደላቸውን አመኑ። ከዚያ አርያም ክንዷን አነሣች፤ ተነሥታም ቆመች። ልጆቹ በጭብጨባ ፈንታ ዱላቸውን በበረዶው ላይ ያንኳኩላት ጀመር፤ አቶ ደርበው በሰው ፊት አለቀሱ።

በእረፍቱ የቡድኑ ሐኪም ከመረመራት በኋላ፣ ትንፋሿ ተቋርጦ እንጂ ጉዳት እንዳላገኛት ነግሮ ለቀቃት። በመተላለፊያው ተገናኙ።

«አባዬ፣ ለምን ቁሙ አልክ?»

«ሊገጩሽ መስሎኝ ነው።»

«አይገጩኝም ነበር። ላይክ፣ ልዞር ነበር። አንተ ስትል ግን እቆማለኋ።»

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የአቶ ደርበውን ሕግ ያከበረች አንዲት ልጅ ነበረች፤ የተመታችውም እሷ ናት።

«ፍርዴን ስሚ» አሉ። «ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ግቢና ተጫወቺ።»

«አንተስ?»

«እኔ እፈራለሁ።»

«ፈርተህ ታየኛለህ?»

«አያለሁ፣ ልጄ።»

የዘመኑን ነገር የመዘገቡ ሰዎች ስለዚያ ምሽት ሲያወሱ፣ ሕዝቡ ጥሪው በደረሰው ጊዜ ምድጃውንና መብራቱን አጥፍቶ ከተሞቹን ከጨለማ ማትረፉን ይናገራሉ፤ እውነታቸውን ነው። የአርያም ቡድን በዚያ ጨዋታ መሸነፉን ግን ዛሬ የሚያስታውስ የለም። አንድ አባትም በሦስተኛው ፒሪየድ፣ ልጃቸው በተገፋች ቁጥር ያ ቃል እስከ ጥርሳቸው እየመጣ፣ እየዋጡት፣ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ዝም ብለው ተቀመጡ።