ሆኖም

ተመራማሪው በእርሻው ቢሮ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱን የመታው የአፈር መቆፈሪያ ብረት ከጎኑ ወድቋል። ቀኝ እጁ ያልተከፈተ የወረቀት እሽግ ጨብጧል። ጠረጴዛው ላይ አፈር የሞሉ ከረጢቶች ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ «ጫካ»፣ ግማሾቹ «ግጦሽ» ይላሉ። ባልደረቦቹ «ነቀዝ» የሚሉት መርማሪ ግን ዓይኑን ያሳረፈው ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም በሚለው ፕሪንተር ላይ ነበር።

«ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ፣» አለ ከብት ጠባቂው። «ጠዋት ወተት ይዤለት ስገባ።»

«ጠረጴዛው ላይ የተጻፈ ነገር ነበር?»

«ቢኖርስ? እኔና ፊደል እንደተኳረፍን ነው የኖርነው።»

የእርሻው ባለቤት ከእህቱ ጋር ከወረሰው ጫካ ግማሹን አምና መንጥሮና አቃጥሎ ግጦሽ አድርጎታል። ቀሪውን እህቱ አላስነካም ብላለች። ሁለቱም ተጠርተው መጥተዋል።

«ከመካሰስ ብለን ለጥናቱ ተገዛን፣» አለ ወንድምየው። «የግጦሹን አፈር ለም የሚያደርገው ናይትሮጂን ካልቀነሰ ቀሪው ይመነጠራል፣ ከቀነሰ ይተዋል። ተፈራርመናል። ውጤቱን ዛሬ ነበር የሚነግረን።»

«እርስዎስ አልሰሙም?»

«ከየት ሰምቼ!» አለች እህትየው። «ያደግሁበት ጫካ ነው። ከሱ ሌላ ምን አለኝ?»

አንጀት ይበላል አነጋገሯ። መርማሪው ግን አንጀቱን ቻል አድርጎ እሽጉን ከሟቹ እጅ ወሰደና ፕሪንተሩ ውስጥ ወረቀት ከተተ። ማሽኑ አጉረምርሞ አንድ ገጽ ተፋ። ከላዩ «2» ይላል።

ሦስቱንም አስቀምጦ አነበበ፤ «ሆኖም ይህ የናይትሮጂን ጭማሪ ከተቃጠለው ጫካ አመድ የመጣ ነው።»

ገጹን ወደ እነሱ አዞረው።

«‹ሆኖም› ካለ፣ የጠፋው አንደኛው ገጽ ናይትሮጂን ጨምሯል ይላል ማለት ነው። ጠባቂው አያነብም። ለወንድምየው ያ ገጽ ሲሳይ ነው፤ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል እንጂ አይሸሽገውም። የሚከፋው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሟቹ ወረቀት ሊያወጣ ሲያጎነብስ፣ የወጣውን ገጽ ያነበቡት እርስዎ ነዎት፣» አለ ወደ እህትየው ዞሮ።

«እታለም!» አለ ወንድሟ።

ከሹራቧ ስር የተጨማደደ ወረቀት አወጣች። «ለወንድሜ ሸጦኛል ብዬ ነው፣» አለች። «ጫካዬን ሸጦብኛል ብዬ!»

«የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፣» አለ መርማሪው ሁለተኛውን ገጽ እያቀበላት። «ይህኛው ግን የሚለቀም አይደለም።»

ተቀብላ አነበበች። አመዱ በጥቂት ዓመት ያልቃል፤ የሚተካው የዛፍ ቅጠል የለም፤ በአካባቢው ቀድመው የተመነጠሩት አሮጌ ግጦሾች ናይትሮጂናቸው ከጫካው በግማሽ ያንሳል። የመጨረሻው መስመር፣ «ቀሪው ጫካ ፈጽሞ መነካት የለበትም» ይላል።

ሬሳው አጠገብ ተቀመጠች።

«ነግሮኝ ነበር እኮ፣» አለች። «ሲያጎነብስ፣ ‹አንዴ ቆዪ፣ አላለቀም› ብሎኝ ነበር።»